የአያ ታከለ ሰባት ቁጥር ብረት

ኅዳር 10፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡00

ዛሬም በብረት ዱላው አርባ ኳስ መታሁ። ሠላሳ አንዱ ቀጥ ብለው ሄዱ። አምስቱ ወደ ግራ ዞሩ። አራቱ ገደል ገቡ። ገደል የገባ አይፈለግም፣ ሕጉ ነው። አንዷን ግን ጭላዳ አነሣት፤ እንደ ሥር ነከሳት፣ አልጣመችውም፣ ጣላት። አያ ታከለ ሳቀ። ሲስቅ ወገቡን በሁለት እጁ ይይዛል።

ክልክሉ ሜዳ ባለፈው ሳምንት ታጭዷል። ሳሩ ተከምሯል። መሬቱ አዲስ እንደተላጨ ራስ ነው። አያ ታ. (ስሙ ብዙ ጊዜ ስለሚመጣ እንዲህ አሳጥሬ እጽፈዋለሁ) ከሐምሌ ጀምሮ ይህን ሲጠብቅ ነበር። ከብት እስኪለቀቅበት ድረስ ጠዋት ጠዋት የእኛ ነው አለኝ። ጉም ሳለ እንወጣለን፣ ሰው ሳይበዛ እንመለሳለን። እኔ እንደምመታ የሚያውቁት እናትና አባቴ ብቻ ናቸው። ከሩቅ ላየን ሰው መቺው እሱ ነው፤ እኔ ኳስ ለቃሚ እመስላለሁ። ይሻለኛል።

እማ እየጠራችኝ ነው። የደባርቅ አውቶቡስ ምግብ ቤታችን ለቁርስ ቆሟል። መዳፌ ውኃ ቋጥሯል፣ ትሪ ሳነሣ ያመኛል። ደስ የሚል ሕመም።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

ቤቱ ጭር ብሏል። መኪና የለም። የኮሶዬ ነፋስ ብቻ።

ደብተሬ፣ አንቺ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር ነበርሽ። ግማሽሽ ባዶ እንደሆነ ት/ቤት አቆምሁ። ዘጠነኛን ለመማር ጎንደር ቤት መከራየት ያስፈልግ ነበር፤ እማም ምግብ ቤቱን ብቻዋን አትችለውም። አላለቀስሁም። ክፍል ውስጥ እጄን አንሥቼ አላውቅም። መልሱን አውቀዋለሁ፣ አፌ ግን አይታዘዘኝም። አንድ ቀን መ/ሩ ትርንጎ ድምፅ አላት ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ላንቺ ግን እናገራለሁ።

ስለ አያ ታ. ልንገርሽ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ የገብስ ጭነት ላይ ተቀምጦ አ.አ. ገባ። የጎልፍ ሜዳ በር ላይ ሥራ ከሚጠብቁት ጋር ቆመ። እዚያ የተጫዋች ቦርሳ የሚሸከም ሰው ካዲ ይባላል። ሰባት ዓመት ተሸከመ። ባለቦርሳው ሲመታ ትከሻውን ያያል፣ እግሩን ያያል፤ ሲመሽ ከውኃ ቱቦ ባጣመመው ብረት ያንኑ ይደግማል። ሰኞ ሰኞ ሜዳው ለአባላት ዝግ ስለነበር የካዲዎች ቀን ነበር። በሰኞዎች ተማረ። በሰኞዎች ሁሉንም አሸነፈ። ኋላ አስተማሪ አደረጉት። ፕሮ ይሉታል፤ ጨዋታው እንጀራው የሆነ ሰው ማለት ነው። ካምፓላ ተጫውቷል። ናይሮቢ ሦስተኛ ወጥቷል። ስለ ናይሮቢ ስጠይቀው ግን ወሬ ይለውጣል።

ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሆነው። ወገቡ እምቢ አለ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አንድ ቦርሳ ሙሉ ቁጥር የተጻፈባቸው የብረት ዱላዎች ይዞ መጣ። ግራ እጁ ከቀኙ ይነጣል። መጀመሪያ ለምጽ መስሏቸው አብረውት ለመብላት የፈሩ ነበሩ። የጓንት ነው። ሠላሳ ዓመት ግራ እጁን ፀሐይ አላየውም።

እዚህ ፕሮ ሲባል የሚገባው የለም። «ገና መቺው» ይሉታል። እሱ አይቆጣም። ገናም ቢሆን ዱላና እሩር ነው፣ ዘመድ ነው ይላል።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ። 11፡00

ስልክ! ከአ.አ.! የአያ ታ. የድሮ ባልደረባ ናቸው። ከገና በኋላ፣ ጥር 6፣ ሁለት ሴት ልጆች በፈተና ይቀበላሉ። ያለፈችው እዚያው ትኖራለች። ትሠለጥናለች። በማታ ትምህርቷን ትቀጥላለች። ለካ ስለኔ ነግሯቸው ኖሯል። በሰባት ቁጥር ብረት ስንት እርምጃ ታደርሳለች ብለው ጠየቁት። መቶ ሠላሳ አለ። ከዚያ ደግሞ እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ነው፣ እዚህ ኳስ ርቃ ትሄዳለች፣ ዐሥር ቀንሱላት አላቸው። ምነው ባልቀነሰ ብዬ ነበር በልቤ።

አባባ አቀረቀረ። በእንጨት መሬቱን ጫረ። ከዚያ፦

«ትሂድ። ግን ስሟ በሰው አፍ እንዳይገባ። የገባ ቀን መሄዷ ቀረ።»

እማ እልል ልትል ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አያ ታ. ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ወገቡ ያዘው፤ አባባ ደግፎ አቆመው። ታላቅ ለታናሽ ሲጎነበስ አይቼ አላውቅም።

ወጥቼ ከድንቹ ማሳ ዳር ቆምሁ። ከገደሉ ማዶ ቆላው እንደ ጭስ ይታያል። ማንም ሳይጠይቀኝ «እሄዳለሁ» አልሁ። በድምፅ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ። ቀትር

ጾሙ ገብቷል። ቤታችን ሽሮና ምስር ብቻ ነው።

ዛሬ ሸጋ ቀን አልነበረም። መሪጌታ ፈንቴ ለሻይ ገቡ። የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በዳማ በቅሏቸው ሜዳውን አቋርጠው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የእጅ ጽሕፈታቸውን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል። ለደብሩ የብራና መጽሐፍ ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። አያ ታ. ጥግ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ አንድ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። መሪጌታ ከፍ አድርገው ጀመሩ።

«ታከለ፣ ገና ሳይደርስ ገና? ያውም በጾም?»

«መሪጌታ፣ አንቱ ብራና ላይ መስመር ያሰምራሉ፣ እኔ ሜዳ ላይ። ቀጥ ካላለ ሁለታችንም እንደግማለን።»

«የኔ መስመር ነፍስ ያድናል። ያንተ ኳስ ምን ያድናል?»

«ኧረ በቅሎዎን ይጠብቁ! ከፈለግሁ ከዚች ወንበር ሆኜ ጆሮዋን አሳክክላታለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሹፌሮች ጠረጴዛ መቱ። መሪጌታ አልሳቁም። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። አያ ታ. ሳቁ ሳያልቅ ፊቱ ጠቆረ። አፌ ቀደመኝ አለኝ ኋላ። እኔ አፉ በሚቀድመው ሰው እቀና ነበር። ዛሬ አልቀናሁም።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ። ሰዓቱን አላውቅም

ቶሎ ልጻፈው።

ጠዋት 1፡00 ገደማ። ጉሙ ወፍራም ነበር። አያ ታ. ከሳር ክምሩ ጀርባ ኳስ ሊለቅም ሄደ። ጉሙ እስኪገፈፍ ቆይ፣ ከዚያ ሦስት ምቺና በቃሽ አለኝ። ቆየሁ። የተገፈፈ መሰለኝ። መታሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ኳስ የጣመችኝ የለም። ምንም አልተሰማኝም፣ እጄ ባዶ ይመስል ነበር። እሱ ሁልጊዜ አትምቻት፣ እለፊባት ይለኛል። አለፍሁባት።

ኳሷ አየር ላይ ሳለች ጉሙ ተከፈተ። መሪጌታ። በቅሎዋ። ልክ መንገዱ ላይ።

ጊዜ ነበረኝ። ይህንን ነው ማንም የማያውቀው። ጊዜ ነበረኝ። አ.አ. ላይ ኳስ ወደ ሰው ስትሄድ «ኳስ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ለሚኒስትርም ለአትክልተኛም ያው ነው፤ መጀመሪያ ያስተማረኝ እሱን ነው። አፌን ከፈትሁ። መሪጌታን «ኳስ!» ይባላል? «መሪጌታ፣ ይጠንቀቁ» ልበል? «ዝቅ ይበሉ» ልበል? ትልቅ ሰው ዝቅ ይበሉ ይባላል? እኔ የክብሩን ቃል ስፈልግ ኳሷ ደረሰች።

በቅሎዋን ታፋዋ ላይ። ዘለለች። ወደቁ። በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ።

አያ ታ. ከክምሩ ጀርባ ሲሮጥ መጣ። በዚያ ወገቡ ሮጠ! መጀመሪያ ወደሳቸው አልሄደም፤ ወደኔ መጣ። ብረቱን ከእጄ ነጠቀኝ። በጓሮ ሂጂ፣ እዚህ አልነበርሽም አለኝ። እግሬ ሄደ። እኔ አልሄድሁም፣ እግሬ ነው የሄደው።

ኅዳር 21፣ ዓርብ። ጽዮን

ወጌሻው የመሪጌታን የእጅ አንጓ በሸምበቆ አሰረው። ቀኙ ነው። የሚጽፉበት።

አያ ታ. መታሁ ብሏል። ለሁሉም፣ ለአባባም። እማ አፍ አፌን ታየኛለች። ሰሃን አጠብሁ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብሁ።

ምነው እንዲህ አደረግህ ልለው ሦስት ጊዜ አጠገቡ ሄድሁ። ሦስቱንም ጊዜ ቀድሞኝ ስለ ጥር 6 አወራልኝ። እዚያ ሲያዩሽ እጅሽን አታፍተልትዪ፣ ኳሷን ብቻ እዪ፣ እነሱን አትዪ።

ሹፌሮቹ ይስቃሉ። ሠላሳ ዓመት ተለማምዶ በቅሎ መታ ይላሉ።

ኅዳር 23፣ እሑድ። ቀትር

ሽማግሌዎች ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከካቡ ኋላ ነበርሁ። ቃል በቃል ሰማሁ፤ ልጻፈው፣ አለዚያ አይወጣልኝም።

ሰብሳቢው አያ ደሴ ናቸው። ገና ቢሆን ኖሮ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብለን በሳቅ እንጨርሰው ነበር፣ ግን ኅዳር ነው አሉ። ሰው ፈገግ አለ። ክፉ ነገር የማይመጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንዱ ተነሣ።

«ሠላሳ ዓመት በኳስ እንጀራ የበላ ሰው ሳትሁ ይለናል? የበቅሎዋን ጆሮ አሳክካለሁ ሲል በነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ!»

«ጆሮ ብሎ ታፋ ከመታማ እውነትም ስቷል!» አለ ሌላው። ተሳቀ። አያ ደሴ በከዘራቸው መሬቱን መቱ፣ ጸጥ አለ።

አስቢው ደብተሬ። አለማወቅ ቢሆን ይቅር ይሉት ነበር። ማወቁ ነው የከሰሰው። እሱ ከመታ አይስትም፤ ካልሳተ ደግሞ ሆን ብሏል። እኔ መታሁ ቢባል ግን ማንም ሆን ብላ አይልም። እሱ እኔን ሲሸፍን ያላሰበው ይህን ነው።

መሪጌታ ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። አያ ታ. ተነሣ። «ሳትሁ» አለ፣ ተቀመጠ። ያቺን ቃል እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲላት ጥርሱን የነቀሉት ያህል ነበር።

ውሳኔ፦ በሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በር መስቀል ይዞ ይምላል። «ኳሷን የመታሁ እኔ ታከለ፣ በክፋት አልመታሁም» ብሎ። ካልማለ ከእድርም ከሰንበቴም ይወጣል።

ኳሷን የመታሁ እኔ ታከለ። መስቀል ይዞ።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ። ጎንደር ደርሰን መጣን

ለጥር 6 ጉርድ ፎቶና ጫማ ያስፈልጋል ብሎ ፒያሳ ወሰደኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አያ ገና መቺው፣ ዛሬ ደግሞ የማንን በቅሎ ነው አለ። አያ ታ. ሳቀለት። ወገቡን አልያዘም፤ የውሸት ሳቅ ሲሆን አይይዝም፤ ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶ አንሺው ቀና በይ ቢለኝ አልቻልሁም። አያ ታ. ከኋላው ቆሞ በጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ፤ የሱን ጣት አይቼ ቀና አልሁ። ጫማውን ሊገዛ ሲል እግሬ አልገባም አልሁት። ገብቶ ነበር፤ አውቆ ገዛው።

ሻይ ቤት ገባን። ድንገት ስለ ናይሮቢ ጀመረ። አልጠየቅሁትም።

የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ነው። ኳሷ ረጅም ሳር ውስጥ ናት። ብረቱን ከኋላዋ ሲያስቀምጥ ተንቀሳቀሰች። አንድ ጣት ያህል። በሕጋቸው እንዲህ ያደረገ ሰው በራሱ ላይ አንድ ምት ይቆጥራል፤ ዳኛ አያስፈልገውም፣ ራሱ ነው የሚናገረው። ማንም አላየም። ካዲው እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ቢቆጥር አራተኛ ነው። አልቆጠረም። ሦስተኛ ወጣ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ በዚያ ምክንያት የአስተማሪነቱ ሥራ ጸናለት። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁት ሁሉ ከዚያች ኳስ በኋላ የመጣ ነው አለ። የበላሁት፣ የለበስሁት። ልጆችን ቁመው እውነት እንዲናገሩ ሳስተምር ሳሩ ውስጥ ትንቀሳቀስብኛለች አለ።

ሚስት ለምን እንዳላገባ ሁልጊዜ ይጠይቁታል። ዛሬ እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው። የኔን ለምን ወሰድህ አልሁት። ድምፄ ሻይ ቀጅዋ ዘንድ እንኳ አልደረሰም፤ እሱ ግን ሰማ።

«ያኔ ያልቆጠርኋት አንድ ምት አለች። አሁን ቆጠርኋት በይው።»

መመለሻ ላይ መስኮቱን ሳይ መጣሁ። የኔ ኳስ የናይሮቢዋ ኳስ አይደለችም። እሱ የኔን ቢቆጥር የሱ ትወጣለት ይሆናል። የኔ ግን ሳትቆጠር ትቀራለች። አ.አ. እሄዳለሁ፣ እማራለሁ፣ ሰው እሆናለሁ፤ ሁሉም ከዚያች ኳስ በኋላ የመጣ ይሆናል። ልክ እንደሱ። እሱ የሚሰጠኝ እሱ የተሸከመውን ነው። ሸክም መሆኑን ስለለመደው አያየውም።

ኅዳር 28፣ ዓርብ። ከሰዓት

እማ ለመሪጌታ ምሳ አድርሺ አለችኝ። ታመው ጠያቂ አልጎደላቸውም፤ ደጁ ሙሉ ጫማ ነበር። እስኪወጡ ቆየሁ።

ብራናው ተዘርግቷል። ገጹ እስከ ግማሽ ተጽፏል። ከዚያ ባዶ። እንዳንቺ። በግራ እጃቸው ሞክረው ኖሮ በሌላ ቁራጭ ብራና ላይ የሕፃን የሚመስሉ ሦስት ፊደላት አየሁ። ቁራጩን ቶሎ ገለበጡት። አፈሩ! መሪጌታ፣ በኔ ፊት አፈሩ።

ስለ እጃቸው አላማረሩም። የሚያመኝ እጄ አይደለም አሉ። ከታከለ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን አቡጊዳ የቆጠርን ነን። እሱ እየተሳሳተ እኔ እቆነጠጥ ነበር፣ እኔ እየተሳሳትሁ እሱ። በአንዲት የሻይ ቤት ቃል ተቀይሞ እንዲህ ያስብብኛል ብዬ ገምቼ አላውቅም። ቢምልም ባይምልም አሉ፣ ልቤ ላይ የቆመችው ያቺ ቂም ናት።

አሁን ነው። አሁን በይ አልሁ ራሴን። እሳቸው ደግሞ ምነው ልጄ፣ ቀለምሽ ጠፋ፣ ቁጭ በይ አሉኝ። መልካምነታቸው አፌን ዘጋው። ሰሃኑን አንሥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስሁ፤ ከኔ ይልቅ ለነዚያ ሦስት ፊደላት።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ። 10፡00

ነገርኋቸው። ለእማና ለአባባ።

እማ ታውቅ ነበር። ያኔ ጠዋት በጓሮ ስገባ ጓንቱ እጄ ላይ ነበር፤ አውልቃ የደበቀችው እሷ ናት። እኔ ማጥለቄንም አላስታውስም።

አባባ እንደዚያን ቀን በእንጨት መሬቱን ጫረ። ታከለ ሊምል ነው፣ ነገሩ ነገ ያልቃል፣ ምነው ትቆሰቁሺዋለሽ አለ። በሐሰት ነው የሚምለው አልሁ። ሐሰቱ ላንቺ ነው አለ። ለኔ ስለሆነ ነው አልሁ። እንዲህ ተመላልሼ አላውቅም። እማ ወደ እሳቱ ዞረች።

«ነገ ከተናገርሽ በየቤቱ ይወራል። ወንድ መስላ ሜዳ ላይ ዱላ ስትሰነዝር የኖረችው ትርንጎ ናት ይባላል። ያልሁትን ታውቂያለሽ። ጥር 6 የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አዎ አባባ።»

ወጥቶ ከከብቶቹ ጋር ቆየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

ደብተሬ፣ ጀግና አይደለሁም፤ እንዳይመስልሽ። ጥር 6ን እፈልገዋለሁ። ጫማውን ትናንት ተጫምቼው በጓዳ ተመላለስሁ። ያቺን ኳስ፣ ያለፍሁባትን፣ ሌላ ሺህ ጊዜ እፈልጋታለሁ። ሆዴ ውስጥ አንዷ ዝም በይ ትላለች። ዝም ማለትን ከኔ የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ነገ ዝም ብል ማንም አይገርመውም።

እሱን ነው የምፈራው።

ኅዳር 30፣ እሑድ። ጠዋት 1፡40

ቸኩያለሁ። ደወሉ አንድ ጊዜ ተደውሏል።

ማልጄ አያ ታ. ዘንድ ሄድሁ። ፊቱን እየታጠበ ነበር፤ ነጭ ጋቢው ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ አልሁት። መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ ተቆጣ። ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

«የኔ አልቋል! ያንቺ ገና አልተጀመረም። ምነው አይገባሽም?»

«አያ፣ ያንተ ናይሮቢ ላይ አለች። ይቺን ለኔ ተውልኝ።»

ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ነጩን እጁን በጥቁሩ ያዘ። ውኃው ከአገጩ ይንጠባጠባል፣ አልጠረገውም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ አስተማሪ፣ ምን ልትይ ነው አለኝ።

ያዘጋጀሁትን አልሁለት። ረጅም ነው፤ ሌሊቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። አባቶቼ ይቅር በሉኝ፣ ልጅ ነኝ፣ ጉሙ ወፍራም ነበር፣ መሪጌታን አክብሬ የምጠራበት ቃል ጠፍቶኝ ነው፣ አያ ታከለ ለኔ ብሎ ነው፣ እያለ ይሄዳል። ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ጨዋታ ሲጨርሱ ካርድ ይሞላል። ካርድ ላይ የሚጻፈው የምቱ ቁጥር ነው። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ምን አደረግሽ?»

«መታሁ።»

«ከዚያስ?»

«አየሁዋቸው።»

«ከዚያስ?»

«አልጮኽሁም።»

«በቃ። ይኸው ነው። ሌላው እነሱ ይጨምሩበት።»

ከዚያ ተነሥቶ ዐሥር እርምጃ ራቀ። በይ አለኝ። አልሁ። አልሰማሁም አለ። ደገምሁ። ሃያ ሄደ። አልሰማሁም። ዶሮዎቹ ሸሹ። ጎረቤት በሩን ከፈተ፣ አየሁት፣ አላቆምሁም። አርባ። ጉሮሮዬ ተላጠ። ስድሳ ላይ ከሳር ክምሩ አጠገብ ደረሰ፣ ትንሽ ሆነ። መታሁ፣ አየሁዋቸው፣ አልጮኽሁም። እጁን አነሣ። ተሰምቷል።

ሲመለስ ወገቡን ይዞ ነበር፤ አልሳቀም። እኔም እዚያው ዋርካ ሥር አንድ የምለው አለኝ፣ ከአንቺ በኋላ አለ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሽማግሌዎቹ ናይሮቢ የት እንደሆነች እንኳ አያውቁም።

አባባ ደጅ ላይ ቆሟል። ሳይሄድ እየጠበቀኝ ነው። እማ ነጠላዬን ይዛለች። ሁለተኛው ደወል።

አያ ታ. ለክቶታል፤ ከሴቶቹ ካብ እስከ ዋርካው አርባ እርምጃ ነው። ሃያ ይተርፈኛል።